የጋሽ መንጠቆ ሪሲቨር

ጋሽ መንጠቆ ይህን ስም ያገኙት አውቶቡስ ላይ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። በኋላ በር ይገቡና፣ ማንንም ሳይገፉ መሀል ድረስ ዘልቀው፣ ትኬት ያልቆረጠውን ሰው ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ መሀል በዓይናቸው ለቅመው ያወጡታል። ድንገት እንቅልፍ የወሰደው፣ በመስኮት ማየት የሚያምረው፣ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ከማንም ጋር የማያወራው፣ ሁሉንም ያውቁታል። ሲደርሱበት ቁጣ የለም፣ ስድብ የለም። እጃቸውን ዘርግተው "ትኬት" ይላሉ፣ አለቀ። ታምሜ ነው ያላቸው አለ፣ አልቅሶ የለመናቸው አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው በሚቀጥለው ፌርማታ ያወርዱታል። አንዴ የገዛ ወንድማቸውን ሚስት አውርደዋል ይባላል፤ እሳቸውም ሲጠየቁ አይክዱም።

ጡረታ ሲወጡ አውቶቡሱ ቀረ እንጂ ተቆጣጣሪነቱ የት ይቀራል! ሳሎናቸው ውስጥ አንድ ሶፋ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ አንድ ሪሲቨር አለ። ሪሞቱ አቧራ እንዳይነካው ከተገዛ ጀምሮ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የሚኖረው፤ ማንም አይነካውም፣ እሳቸውም ብዙ አይነኩትም። የሚያዩት አንድ የዜና ቻናል ብቻ ነው። ምሳ በልተው ሶፋው ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ዜናው ይጀምራል፣ እሳቸው ደግሞ ማንኮራፋት ይጀምራሉ። ተኙ የሚላቸው ሰው ካለ ጉዱ ፈላ፤ "ዓይኔን ጨፍኜ እያዳመጥኩ ነው" ነው መልሳቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግን አንድ አመል አውጥተዋል። ድምፁ ድንገት ጭጭ ካለ ክው ብለው ይነሳሉ፤ ልባቸው እየመታ ቤቱን በዓይናቸው ይዞሩታል፣ ከዚያ በኋላ ያ ቀን ለሳቸው ቀን አይሆንም።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ። በዚህ ዓለም ላይ ፊታቸው የሚፈታው ለሷ ብቻ ነበር። እሷ ደግሞ አንድ ቀን ኮምፒውተር ጠጋኝ ይዛ መጣች፣ ላገባው ነው ብላ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ እጁን ሲዘረጋ ጋሽ መንጠቆ እጁን ትተው ፊቱን አዩት።

"አንተን አውርጄሃለሁ" አሉት።

"ተማሪ ሳለሁ ነው አባባ" አለ እየሳቀ። "በዝናብ ነበር ያወረዱኝ።"

እሱ ሳቀ፣ ልጅቱም ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። በዚያች ደቂቃ የሰውየው ነገር በሆዳቸው ተዘጋ፤ ሳይከፍል የሚሳፈር ሰው፣ ያኔም አሁንም። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው ሲባሉ "ጥገኛ ነው በሉኝ" ይላሉ። ሠርጉ እንደ ምንም አለፈ፤ አባቴን ብቻውን አልተውም ብላ ልጅቱ ባሏን ይዛ የጀርባው ክፍል ገባች። ያ ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው በአንዲት ስስ ግድግዳ ነው። ሰውየው ጠረጴዛውን እዚያው ዘርግቶ የሰው ኮምፒውተር ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። ጋሽ መንጠቆም አፋቸውን ዘግተው ቻሉ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰውየው ይውጣ፣ ልጅቱ ትቅር።

ነገሩ የጀመረው ሪሲቨሩ በራሱ ቻናል መቀየር ሲጀምር ነው። ዜና አንባቢዋ አፏን ከፍታ ሳትጨርስ ኳስ ይመጣል። ጋሽ መንጠቆ ሪሞቱን ከፌስታሉ አውጥተው ይመልሱታል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ። ባትሪ ቀየሩ። ሪሲቨሩን በመዳፋቸው መቱት። በመጨረሻ ዲሽ ሠሪ ጠሩ።

ዲሽ ሠሪው ጥቂት ነካካና ሳቅ አለ። "ጋሼ፣ ሪሲቨርዎ ደህና ነው። ሌላ ሰው አብሮዎት እያየ ነው እንጂ።"

"ከየት ሆኖ?"

"ከዚሁ ከቤትዎ። ሪሲቨሩ የሚያሳየውን በዋይፋይ ወደ ሌላ ክፍል ይልከዋል። የጌም ማሽን አለ እዚህ ቤት? በሱ ይሆናል የሚያዩት። ሪሲቨሩ አንድ ስለሆነ እዚያ ሲቀይሩ እዚህም ይቀየራል፣ እዚህ ሲቀይሩም እዚያ። ላጥፋው?"

"ቆይ" አሉ ጋሽ መንጠቆ። ተነሱ። አረማመዳቸው የጡረተኛ አልነበረም፤ የድሮው፣ የኋላ በሩ ነው። የጀርባውን ክፍል ሳያንኳኩ ከፈቱ። ባልና ሚስት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ሰውየው ጆይስቲክ ይዟል። ፊት ለፊታቸው ባለች ትንሽ ቲቪ ላይ የሳቸው ዜና አንባቢ፣ የገዛ ዜና አንባቢያቸው፣ ቁጭ ብላ ታወራለች።

እጃቸውን ዘረጉ። "ትኬት።"

"አባባ፣ ልጠይቅዎት ነበር..."

"ከተሳፈርክ በኋላ ነው የምትጠይቀው?"

ልጅቱ ተነሳች። "እኔ ነኝ አገናኝልን ያልኩት። ሳሎን ስንገባ ፊትህን ወደ ግድግዳ ታዞራለህ። ታዲያ የት እንይ አባዬ?"

ወደ ሳሎን ተመለሱና ዲሽ ሠሪውን "ተወው፣ እንዳለ ይሁን" ብለው ሸኙት። ልጅቱ ምሕረት መሰላት። ምን ምሕረት! እዚህ ሲቀየር እዚያም ይቀየራል የምትለዋን ቃል ነበር ይዘው የተመለሱት።

ቅዳሜ ደረሰ፣ ትልቅ ጨዋታ። ጋሽ መንጠቆ ሪሞቱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ኳስ ምን እንደሆነ በወጉ የማያውቁት ሰውዬ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩ። ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ተጫዋቹ ኳሷን አስቀመጠ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ተንደረደረ። ሪሞቱን ተጫኑ። የአየር ትንበያ። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ረጅም የሲቃ ድምፅ ተሰማ፣ ጋሽ መንጠቆም አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ አገኙ። ጎል ሊገባ ሲል ይቀይራሉ፣ ሰውየው ይመልሳል፣ እሳቸው ይቀይራሉ። ሰውየውም ሰው ነው፣ ደሙ ፈላ፤ ዋናው ዜና ሲጀምር የልጆች ካርቱን ያመጣባቸው ጀመር። አንድ ማዕድ ላይ ቀርበው አንድ ቃል አይነጋገሩም፤ ከማዕድ ሲነሱ ግን በግድግዳ ተከልለው በሪሞት ይሰዳደባሉ። ልጅቱ መሀላቸው ሆና ሳህን ታነሳለች፣ ሳህን ታስቀምጣለች፣ ከሳች።

አንድ ቀን ከሥራ እንደገባች ቴሌቪዥኑ ፊት መጥታ ቆመች።

"ቤት አግኝተናል" አለች።

ጋሽ መንጠቆ ሲጠብቁት የኖሩት ቃል ነበር፣ ግማሹ። "ጥሩ። ይሂዳ። አንቺ ምን ቆርጦሽ ነው የምትሄጂው?"

"ባሌ ነው።"

"ትኬት የሌለው ባል።"

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ያውቁበታል፣ ስንቱን አልቃሽ አውርደዋል። "እኔንም እኮ እያወረድከኝ ነው አባዬ" አለችና ሻንጣዋን ልታወጣ ገባች። ሊከተሏት ፈልገው ነበር። ልባቸው ተነሳ፣ እግራቸው አልተነሳም፣ ምላሳቸውም እንደዚያው።

በሄዱበት ቀን ሰውየው የጌም ማሽኑን ብብቱ ሥር ይዞ ሳሎን በር ላይ ቆመ። "አባባ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ስለ ሪሲቨሩ አንድ ነገር ልንገርዎት። ከሰዓት በኋላ ዝም ሲሉ..."

"ካንተ የምሰማው የለኝም። ውጣ።"

"እሺ" አለና ወጣ። በሩን እንኳ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው፣ ይህም አናደዳቸው።

ቤቱ የሳቸው ሆነ። ቻናሉ ባስቀመጡት ይቀመጣል። በማግስቱ ምሳ በልተው ሶፋቸው ላይ ተንጋለሉ፣ ዜናው ጀመረ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ማዳመጥ ጀመሩ። ድንገት ጭጭ። ክው ብለው ተነሱ። ቲቪው ጠቁሯል፣ ልባቸው ደረታቸውን ይደበድባል፣ የሚጠሩት ሰው የለም። መልሰው ከፈቱት፣ ሠራ። በማግስቱ ግን ያው፣ በሦስተኛውም ቀን ያው። "ሰብሮብኝ ሄደ፣ ይሄ ሸረኛ" አሉ። ዲሽ ሠሪውን ጠሩት፤ መጣ፣ ነካካ፣ ምንም የለውም ብሎ ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ፣ እሳቸው እንዳሸለቡ፣ እንደገና ጭጭ አለ። ከሄደች ወዲህ ስልክ ደውለውላት አያውቁም፤ ለዚህ ግን ደወሉ።

"ያ ባልሽ ሪሲቨሬን ምን አድርጎት ነው የሄደው?"

"ምንም አላደረገውም። ምን ሆነ?"

"ከሰዓት ከሰዓት በራሱ ይዘጋል።"

"አባዬ፣ እሱ እኮ ጠባዩ ነው። ሪሞት ካልተነካ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሰው አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ከታች በትንንሽ ጽሑፍ። አለሁ የሚለው ካጣ ይዘጋል። አንተ ተኝተህ አታየውም።"

"እኔ አልተኛም።"

"እሺ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ነው።"

"እናንተ እዚህ ሳላችሁስ ለምን አይዘጋም ነበር?"

"ባሌ ነበር አለ የሚልልህ። ጥያቄው ትንሿ ቲቪ ላይም ይመጣል። ድምፁ ሲጠፋ እንደምትደነግጥ ነግሬው ስለነበር፣ ሥራውን አቁሞ በጆይስቲኩ ይጫንልህ ነበር።"

ጋሽ መንጠቆ ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዛወሩት። "ከተጣላን በኋላስ?"

"ከተጣላችሁም በኋላ።"

"ያን ቅዳሜ? የኳሱ ለት?"

"ያን ቅዳሜም። ኳሱ ካለቀ በኋላ ዜናህን ከፍተህ ተኛህ። እሱ እየተሳደበ ነበር የተጫነልህ፣ አልዋሽህም።"

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

"በር ላይ ቆሞ ሊነግርህ ነበር። ውጣ አልከው።"

እዚህ ላይ አንድ ቃል ነበረች የምትባል። ጋሽ መንጠቆም ያውቋታል፤ ጉሮሯቸው ድረስ መጣች። ልጅቱም ሳትዘጋ ጠበቀች፣ ትንፋሿ ይሰማል።

"ማን ተጫንልኝ አለው?" አሉና ስልኩን ዘጉት።

አሁን ከሰዓት በኋላ ጋሽ መንጠቆ በእውነትም አይተኙም። ሪሞቱ ፌስታሉ ወልቆ ጭናቸው ላይ ነው። መነጽራቸውን አድርገው የስክሪኑን ታች ይጠብቃሉ፤ ያቺ ትንሽ ጽሑፍ ብቅ ስትል፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላውን ሲጠይቁ የኖሩት ሰው፣ አለሁ ብለው ይጫናሉ።

ቅዳሜ ደግሞ ኳስ ይከፍታሉ። ባለፈው ቅዳሜ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ተጫዋቹ ኳሷን አስቀመጠ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ተንደረደረ። ጋሽ መንጠቆ ተጫኑ፣ የአየር ትንበያ መጣ። ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አዘንብለው ቆዩ። ነገ ዝናብ እንደሚጥል ተነገረ፣ ከነገ ወዲያም። ቻናሉ እዚያው ነው፣ ማንም አልመለሰውም።