የሁለት ቤት ውሻ

ሰዎች ስለ ውሻ ግድያ ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንዱ «የሰው ሕይወት ይበልጣል» ይላል። ሌላው «እንስሳም ነፍስ አለው» ይላል። ከዚያ ሻያቸውን ጨርሰው እየተሳሳቁ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ እኔን የሚያበግነኝም ይኸው ነው። መካነ ሰላም አስተማሪ ሳለሁ ያየሁት ግድያ ግን በክፋት አልተፈጸመም። ክፉ ሰው ቢኖርበት እሱን ረግሜ እገላገል ነበር። የተፈጸመው በጨዋነት ነው፣ ያውም ከልብ በምወዳቸው ሁለት ሰዎች ጨዋነት።

ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ከአቀስታ ተዛውሬ መጥቼ አንዲት ክፍል የተከራየሁት ቁርኣን ከሚያስቀሩ አንድ ሼህ ግቢ ውስጥ ነበር። ሼሁ ሚስታቸው ሞተውባቸው ከደረሶቻቸው፣ ከሚቀሩባቸው ልጆች ጋር ይኖራሉ። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ አንዲት ክርስቲያን ባልቴት አሉ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። አንድ ልጃቸው አረብ አገር ናት፣ ቤታቸው ውስጥ ከራሳቸውና ከሁለት በጎች በቀር የሚተነፍስ ነገር የለም። አጥሩ አጥር ይባል እንጂ መሀሉ ላይ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረው። እሳትም፣ ወንፊትም፣ ወሬም የሚተላለፈው በዚያ ነው።

ቡላው ውሻ የሚተኛው እዚያ ክፍተት ላይ ነበር። ማንም አላመጣውም። አንድ ክረምት አጥንቱ እስኪቆጠር ከስቶ መጣና ተኛ፤ በቃ፣ ቀረ። ሁዳዴ ሲገባ ከእትዬ ቤት ስጋ ስለማይታሰብ ቅልጥሙ ከሼሁ ቤት ይመጣለታል። ረመዳን ሲሆን የሼሁ ምድጃ ቀኑን ሙሉ አይነድም፤ ያኔ እትዬ የተረፋቸውን እንጀራ በጎድጓዳ ጣባ ያቀርቡለታል። ዒድም ፋሲካም የእሱ ነው። «በዚህ ሰፈር የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም እርድ ሳይለይ የሚበላ እሱ ብቻ ነው» እያልን እንስቅ ነበር።

ሼሁ ነክተውት አያውቁም። ምራቁ ልብሳቸውን ካገኘው ሰባት ጊዜ ማጠብ አለባቸው፣ ውሃ ደግሞ ከቦኖ ተሸክሞ የሚመጣ ነው። አጥንቱን ከሩቅ ይወረውሩለትና «ብላ አንተ ሆዳም» ይሉታል፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቃሉ አይደለም። እትዬ ደግሞ «ይኸ ቡላ ከመጣ ወዲህ ነው እንቅልፍ የሚባል የማውቅ» ይላሉ። እሱ ሳይኖር ጅብ የበጎቹን በረት ሲገፋ እያደረ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ያነጉ ነበር። ታዲያ ከሁለቱ አንዳቸውም «የእኔ ውሻ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ሼሁን ሲጠይቋቸው «የእትዬ ጠባቂ ነው»፣ እትዬን ሲጠይቋቸው «የሼሁ ደጅ ነው የሚውል»። እኔ ይኼን እንደ ፍቅር ነበር የማየው። ፍቅርም ነበር።

በዚያ ዓመት ከገበያው በታች አንድ ያበደ ውሻ አንዲት የልጆች እናት ነከሰ። ቁስሉ ትንሽ ነበርና መጀመሪያ ባህላዊ መድኃኒት ሞከሩላት። መርፌው ደሴ ነው ያለው ተብሎ እስክትጫን ድረስ ረፈደ። ባሏን አውቀዋለሁ፤ ልጁን ያስተማርኩለት ሰው ነው። ከቀብሩ በኋላ ከተማው ሁሉ በትር ይዞ መውጣት ጀመረ፣ እኔም ጭምር።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ጊዜ ለሽንት ቤት ጉድጓድም፣ ለማዳበሪያም፣ ለችግኝም ስብሰባ ነበር፤ ለውሻ ሲጠራ የገረመው ሰው አልነበረም። የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ከወረዳ የመጣው ሰው ቆመና ውሳኔውን ነገረን፤ መወያየቱ ከውሳኔው በኋላ ነበር፣ እሱም የተለመደ ነው። ውሻ ያለው እጁን አውጥቶ ይናገር፣ ከነገ ጀምሮም አስሮ ያውል። ያልታሰረና ባለቤት የሌለው ውሻ በመርዝ ይወገዳል። «ይወገዳል» ነው ያለው።

አንድ ከገጠር ገብቶ የከተመ ገበሬ ተነሣ። «ውሻውን ጨርሳችሁ ስታበቁ ለጅቡ ደግሞ ሌላ ስብሰባ ልትጠሩ ነው?» አለ፣ አዳራሹ ሳቀ። የእንስሳት ሕክምና ባለሙያው ውሾቹ ቢከተቡ ይሻል እንደነበረ አፉ ውስጥ አጉተመተመ። ክትባቱ የት አለ ብዬ ጠየቅሁ። ከደሴ እስኪመጣ እየተጠበቀ ነው ተባለ። መርዙስ ከየት መጣ? ከደሴ። በአንድ መንገድ፣ ምናልባትም በአንድ መኪና፣ መርዙ ደርሶ ክትባቱ ቀርቷል። ይኼን ስናገር የወረዳው ሰውዬ «አስተማሪ፣ ወደ አጀንዳው» አለኝ።

ያኔ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ከኋላ ተነሣ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እናንተ ስለ ጅብ ታወራላችሁ። እኔ ሚስቴ ውሃ ሲሰጧት ስትጮህ ነው ያየሁ» አለና ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ዛሬም ማንም ስለ እንስሳት መብት ሲያስተምረኝ ያ ሰው ፊቴ ላይ ይደቀናል፣ ምን እንደምለው አሁንም አላውቅም።

እጅ ማውጣት ተጀመረ። በየሰፈሩ እየተጠራ ሰው እጁን ያነሣል፣ የውሻውን መልክ ይናገራል። የእኛ ሰፈር ደረሰና ሊቀመንበሩ «ሼሁ ግቢ አጥር ላይ የሚተኛው ቡላ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሼሁ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ፣ እትዬ ከሴቶቹ ጋር። ሼሁ ዞር ብለው እትዬን አዩ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሼሁን አዩ። ከዚያ ሁለቱም አቀረቀሩ፤ እጁን ያወጣ የለም።

ሊቀመንበሩ ደግሞ ጠየቀ። እኔ ተነሣሁና ውሻው የግቢያችን ነው፣ አስረዋለሁ አልኩ። «አንቺ ተከራይ ነሽ፣ እህቴ። ነገ ዝውውር ብታገኚ ለማን ትተዪው ነው? ባለቤት ነው የጠየቅሁ» አለኝ። ወደ ሼሁ አየሁ፤ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። «እንግዲህ ባለቤት የለውም» አለና ወደሚቀጥለው ሰፈር አለፈ።

ወደ ቤት ስንመለስ ከእትዬ ጎን እየሄድኩ ምነው ዝም አሉ ብዬ ተቆጣሁ። «ኧረ ወላሂ፣ እንዴት አድርጌ ልበል?» አሉኝ፤ በዚያ አገር ክርስቲያኑም በወላሂ ይምላል። «ያረፈበት ደጅ የእሳቸው፣ ያሳደገው አጥንት የእሳቸው። ሰው ፊት የእኔ ነው ብል ውለታቸውን መካድ አይሆንብኝም? የሼሁ ነው እንዳልል ደግሞ ትልቅ የዲን ሰው ናቸው፤ ውሻ ያሳድራሉ ላስብላቸው?» አሉ። ግቢ ስንገባ ሼሁን ጠየቅሁ። «ልጄ፣ እሷ ብቻዋን ያለች ሴት ናት። ያላት ጠባቂ እሱ ነው። ጀማው ፊት የእኔ ብዬ ልንጠቃት? እሷ ትላለች ብዬ ስጠብቅ አልፎን ሄደ። አብሽሪ፣ ታስረዋለች» አሉኝ።

አጥሩ መሀል ቆሜ ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር። ሁለቱን እጅ ለእጅ አያይዤ እንደ ተማሪ ላነጋግራቸው አማረኝ፤ ግን በእድሜ እናትና አባቴ ይሆናሉ። ስለዚህ ጠፍር ገመድ ገዛሁና ቡላውን ራሴ ደጄ ላይ ካለው ግንድ ጋር አሰርኩት። ታስሮ አያውቅም፤ ገመዱን እያየ ያለቅሳል። ውሃ አስቀመጥኩለት። በማግስቱ ጠዋት እሱን አልፌ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ገመዱን ግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። ቡላው የአጥሩ ክፍተት ላይ ነበር፣ እግሮቹ ደርቀው ተወጥረዋል። መርዝ የተነከረ ሳንባ ሲበትኑ ያደሩት ሰዎች የጣሉለትን በልቶ፣ ለመሞት ወደ ቦታው ተጎትቶ መጥቷል። እትዬ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

የፈቱት እሳቸው ነበሩ። ሲያለቅስ ሰምተው መጡ። «ሼሁ ሳያዙ፣ አንቺ እንግዳ ሆነሽ የሰው ውሻ ማሰርሽ ሆዳቸውን ያስቀይም ይሆናል አልሁ» አሉኝ። «ሄጄ ልጠይቃቸው ብል ቁርኣን እያስቀሩ ነው። እስኪጨርሱ እንዳይንገላታ ብዬ ፈታሁት። እሳቸው ሲያበቁ ያስሩታል ብዬ» አሉ። ሼሁ በበኩላቸው ከገመድ መፈታቱን አይተዋል፤ ባለቤትየዋ ራሷ ፈታችው፣ ምን አገባኝ ብለው ወደ ደረሶቻቸው ተመለሱ። ይኼን የነገሩኝ ወደ ክፍተቱ መጥተው በራሳቸው አፍ ነው፣ በእትዬ ፊት። አንዱ የሌላውን ምክንያት ያን ጊዜ ሰማ። እኔ ያን ሰዓት ሁለቱንም ጠላኋቸው። ደግነታቸውን ጠላሁት፣ መከባበራቸውን ጠላሁት፣ አገሩ ሁሉ የሚመካበትን ያን ይሉኝታ ከነሥሩ ብነቅለው ደስ ይለኝ ነበር።

የቀበሌው ጋሪ ከላይ በኩል መጣ። ላዩ ላይ ውሾች ተደራርበዋል። ጋሪውን የሚነዳው ጎልማሳ እጁ ላይ ፌስታል አጥልቋል፣ ደክሞታል፣ ክፉ ሰው አይመስልም። ቡላውን በእግሩ ነካ አደረገና ወደ እኛ ዞረ።

«ባለቤት ያለው ከሆነ ባለቤቱ ይቀብረዋል። ከሌለው እኛ ገደሉ ላይ ነው የምንጥለው» አለ። «የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አሉ ሼሁ።

«የእኔ ነው» አሉ እትዬ።

እኩል ነበር የተናገሩት። ሰውዬው አንዴ ሼሁን፣ አንዴ እትዬን አየ። እያሾፉበት የመሰለው ይመስለኛል።

«ስብሰባው ላይ አልነበራችሁም እንዴ?» አለ።

ሼሁ ኩታቸውን ሰበሰቡና ከእትዬ ጎን መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ነበርን» አሉት።