ከፊልሙ የተቆረጠው የአቻን ንግግር

ዛሬ ጠዋት ስልኬን ስከፍት የጎረቤቴ የአቻን ፎቶ መጣብኝ። ያው ከፊልሙ የወጣው፣ ግድግዳዋን በእጇ ስትለቀልቅ የሚያሳየው ፎቶ ነው። ደግሞ ማን ቀሰቀሰው ብዬ ላልፈው ስል ከሥሩ «በሰላም እረፊ» የሚል ጽሑፍ አየሁ።

የሆነ ሰው ተሳስቷል አልኩ። ቅዳሜ ገበያ አብረን ነበርን። ከዓሣ ሻጩ ጋር ስትከራከር ትቻት ነው የሄድኩት።

ልጇ አርየት ጋ ደወልኩ። አነሳችና እናቷ መሞቷን ነገረችኝ። ከገበያ ስትመለስ ትኩሳት ጣላት፣ ሆስፒታል ሲያደርሷት ዘግይቶ ነበር። አሁንም ስጽፈው አላምነውም።

ለማታውቋት፣ አቻን እዚህ ጋምቤላ ከተማ ጎረቤቴ ነበረች። እሷ አኝዋክ ናት፣ እኔ በልጅነቴ ከወላጆቼ ጋር በሰፈራ የመጣሁ ነኝ። ሙቀቱ በበረታ ቁጥር በአጥሩ ላይ ብቅ ትልና «ደገኛዋ፣ ዛሬም አልቀለጥሽም?» ትለኝ ነበር።

ማንበብ አልተማረችም። እኔም ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ እየለቀምኩ ነው የቻልኩት። በቆሎ ስትፈለፍል አጠገቧ ተቀምጬ አነብላት ነበር። ከሁሉም የምትወደው ስለ ቤት የተጻፈ ነገር ነው። ሽፋኑ የጠፋ አንድ መጽሐፍ ነበረን። አንዲት ሴት ከተማውን ትታ ገጠር ትገባለች፣ ዶሮ ታረባለች፣ ዳቦ ትጋግራለች፣ መጋረጃ ትሰፋለች። የመጋረጃው ነገር ሲመጣ አቻን ደግመሽ አንብቢልኝ ትላለች። ሴትየዋ ልብስ አጥባ ስታሰጣ ግን ታስቆመኛለች።

«ውሃውን ማን ቀዳው?»

ገጹን ወደ ኋላ እየገለጥኩ እፈልጋለሁ። የቀዳ ሰው የለም። ውሃው እንዲያው አለ።

ቪዲዮ ቤትም ያው ናት። አንድ ቀን በፊልሙ ውስጥ ያለችው እናት ዛፍ ሥር በትልቅ ገንዳ ልጆቿን ታጥባለች፣ ሙዚቃው ያባብላል፣ ሰዉ ሁሉ ፀጥ ብሏል። አቻን ከኋላ ወንበር ያንኑ ጠየቀች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሊያስወጣት የተነሳው ባለቤቱ ራሱ ሳቁ አሸንፎት ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ፊልም ላይ ገንዳ በታየ ቁጥር ወጣቶቹ ቀድመዋት ይጠይቁ ጀመር።

ስታሾፍ ግን አልነበረም። ቤት ማሳመር እንደ እሷ የሚወድ ሰው አላየሁም። ጭቃና እበት አዋሕዳ ግድግዳዋን በመዳፏ ትለቀልቃለች፤ ሳይደርቅ በጣቶቿ መስመር ታወጣበታለች፤ መንገደኛ ቆሞ ያየዋል። ይህ ሥራ የበጋ ሥራ ነው። በክረምት የለቀለቁት ግድግዳ ሳይደርቅ ዝናብ ይወስደዋል።

ፊልም የሚሠሩት ወጣቶች ከአዲስ አበባ የመጡት በክረምት ነበር። ስለ ቀላል ኑሮ ውበት ነው የምንሠራው አሉ። አቻን አማርኛ ብትሰማም በራሷ ቋንቋ መናገር ይቀላት ነበርና እኔ እንዳስተረጉም ተጠራሁ። ግድግዳውን ስትለቀልቅ እንቅረጻት አሉ። አቻን ጊዜው አይደለም አለች። ብርሃኑ ጥሩ ነው ብለው ለመኗት። በመጨረሻ እሺ ያለችበትን ምክንያት ለእኔ በቋንቋዋ ነገረችኝ፦ ፊልሙን ብዙ ሰው ያየዋል፣ የምናገረው ነገር አለኝ።

ለቀለቀች። አማረ። ከዚያ ካሜራው ፊት ተቀመጠች። ላስተረጉም ስዘጋጅ በጭቃ እጇ አስቆመችኝ። ይሄኛውን እኔ ራሴ በአማርኛ እላለሁ አለች።

«ቤቴን ውደዱልኝ። ድካሜን ግን አትውደዱልኝ። ውሃ ቅርብ ይሁን፣ ጣራዬ ቆርቆሮ ይሁን። ከዚያ በኋላም ግድግዳዬን በእጄ አሳምራለሁ።»

በማግስቱ ዝናቡ መጣ። ልቅልቁ ከነመስመሩ ተንዶ እንጨቱ ብቻ ቀረ። እስከ በጋ ድረስ በዚያ በኩል ሸራ ወጥራ ኖረች።

ፊልሙ ሲወጣ ግድግዳው እያብረቀረቀ ነው። ንግግሯ የለም። በቦታው ዋሽንት ይሰማል፣ ከዋሽንቱ ጋር ደግሞ «ምንም አልጎደላትም» የሚል የወንድ ድምፅ። ደወልኩላቸው። የፊልሙን ስሜት ይረብሻል አሉኝ፣ በትሕትና። አቻን ንግግሬን መልሱልኝ በያቸው እያለች ደጋግማ አስደወለችኝ። ኋላ ላይ ስልኩን ማንሳት ተዉ።

ዛሬ ያንኑ ቪዲዮ ነው የምትቀባበሉት። «ምንም ሳይኖራት ደስተኛ የነበረች» ትላላችሁ። አንዱ እንዲያውም «እንደ እሷ በቃኝ ማለትን እንማር» ብሎ ጽፏል። የት አግኝቷት ነው? አቻን በቃኝ አላለችም። ከፊልሙ በኋላም ቦኖው በደረቀ ቁጥር ጀሪካኗን ይዛ ባሮ ወንዝ ድረስ ትወርድ ነበር። ይህን ደግሞ የሚቀርጽ ሰው አልመጣም።

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ስለ ቤትና ስለ ቀላል ኑሮ የሚያወሩ መጻሕፍትና ፊልሞችን ዛሬም እወዳለሁ፤ ስንቱን ከእሷ ጋር ስቀን አይተነዋል። ግን ቤቷን ወስዶ አፏን መዝጋት ምን የሚሉት ውዳሴ ነው? ቪዲዮውን የምታጋሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ከሥሩ ንግግሯን ጨምሩበት። ከላይ ጽፌዋለሁ፣ ገልብጡት።

አቻን፣ እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር እንደምፈራ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ትዕግሥትሽ የሚናገሩ ብዙ ናቸው። ከአርየት ቀጥሎ ለእኔም ቦታ እንዲሰጠኝ መጋቢውን ጠይቄው እሺ ብሏል። ያልሽውን በራስሽ አማርኛ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገርልሻለሁ። እስከ መጨረሻው ይሰሙሻል።

ደህና ሁኚ እህቴ። አሁን ወገብሽን አሳርፊ።