የገበያው አሚን

እማማ ሐቢባ ሐይቅ ገበያ ላይ ቃሪያና ሽንኩርት ይሸጡ ነበር። እኔ የሺሀረግ ደግሞ አጠገባቸው ጨው እሸጣለሁ። ሰው ግን እማማን የሚያውቃቸው በቃሪያው ሳይሆን በምርቃታቸው ነው። ምጥ የጸናባት ሴት ስትኖር እሳቸው ይጠራሉ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ እሳቸው ያስታርቃሉ። ከአምባሰል ባቄላ ጭኖ የወረደ ነጋዴ እንኳ ጭነቱን ሳያራግፍ እጃቸውን ሊስም ጎራ ይል ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲጀምሩ እስላሙም ክርስቲያኑም «አሚን» ይላል። እኔ በማርያም የምምል ሴት ነኝ፤ የእሳቸውን ምርቃት ያለ አሚን አሳልፌ አላውቅም። እኛ አገር ለምርቃት አሚን መንፈግ ነውር ነው።

ይቺን ደግነታችንን ነው የዘረፉን።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አስረስ ይባላል። ከሌላ አገር የመጣ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተንገበገብኩ! እዚሁ ሐይቅ ተወልዶ ያደገ የኛው ልጅ ነው። አንድ ቀን ነጋዴውን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰበንና፣ መሬት ላይ ዘርግተን ለምንሸጥባት መደብ በየገበያው የምንከፍለው ቀረጥ ከአስር ሳንቲም ወደ ስሙኒ ከፍ ይበል አለ። ለምን ቢባል ለአዳራሹ አዲስ ወንበር ሊገዛ! እኛ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እየሸጥን፣ ለእሱ መቀመጫ።

«ውይይት ነው፤ ተናገሩ» አለ።

ዶሮ ሻጩ ኑርዬ ተነሳ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ አንዲት ዶሮ ይዛ ከተራራ የወረደች ሴት ገና ሳትሸጥ ስሙኒውን ከየት ታምጣው? ወላሂ፣ የዶሮዋን እግር ቆርጣ ካልሰጠች!»

ሰው ሳቀ። አስረስ አልሳቀም፤ «የጓዱ አስተያየት ተራማጅ አይደለም» ብሎ አስቀመጠው። በሩ ላይ የአብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ቆመዋል።

«የምትደግፉ እጅ አውጡ!»

አንድም እጅ አልወጣም። እኔማ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ቀበርኩት። ደገመው። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

ይሄኔ አስረስ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታውን እስከ ዛሬ እጠላታለሁ። «መልካም፤ መቼም ስብሰባ ያለ ምርቃት አይዘጋም። እማማ ሐቢባ፣ ይመርቁን» አለ።

እማማ ምን ያውቃሉ? ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ገበያችንን አላህ ይሙላው!»

«አሚን!»

«የሸጠም የገዛም ደስ ብሎት ቤቱ ይግባ!»

«አሚን!» አዳራሹ ተናጋ።

አስረስ ወደ ቀበሌው ጸሐፊ ወደ ውበቱ ዞረ። «ሕዝቡ የቀረጡን ጭማሪ በምርቃትና በአሚን፣ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል ብለህ ጻፍ» አለው። ውበቱም ጻፈ።

በሚቀጥለው ገበያ ቀረጥ ሰብሳቢው ስሙኒ እያለ መጣ። እንቁላል ይዛ ከአምባሰል የወረደች አንዲት ልጅ እግር ሴት የምትከፍለው ብታጣ እንቁላሏን ወሰደባት። «ማን ፈቅዶልህ ነው?» ብላ ብትጮህ፣ «እማማ ሐቢባ መርቀውት!» አላት። እማማ ሰሙ። ቃሪያቸውን ሳይሸጡ ሰብስበው ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሊመረቅ ቢመጣ እጃቸውን አይዘረጉም።

«ዱዓዬን ሰረቁኝ፣ የሺዬ» አሉኝ። «አሁን እጄን ብዘረጋ፣ በምን ላይ አሚን እንደሚያስብሉበት በምን አውቃለሁ?»

አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው ያለቀስኩት። ስሙኒው እንኳ ይቅር፤ ሰው የአሮጊት ዱዓ ይቀማል?

ቀረጡ አልተነሳም። ተረት እንዳይመስላችሁ ይህን ቀድሜ ልንገራችሁ። ደርግ እስኪወድቅ ስሙኒውን ከፍለናል። እማማም አሁን በምነግራችሁ ነገር ቀበሌ ታስረው አድረዋል።

አዲሶቹ ወንበሮች የገቡ ቀን ከደሴ አለቆች መጡና እንደገና ተሰበሰብን። አስረስ አፉን ሞልቶ፣ «ይህ ሁሉ በሕዝቡ ሙሉ ፈቃድ የተሠራ ነው። እማማ ሐቢባ፣ ይመርቁልን» አለ።

እማማ ተነሱ። እጃቸውን ግን ከነጠላቸው ስር አላወጡትም።

«አስረስ ልጄ፣ እናትህ አንተን ስታምጥ ዱዓ ያደረግሁልህ እኔ ነኝ። ያ ምርቃት ያንተው ነው፤ አልነሳህም። ቀረጥህን ግን አልመረቅሁልህም፤ ሰርቀኸኝ ነው። አሚናችንን መልስልን!»

«አሚን!» አለ ኑርዬ ከኋላ። «አሚን!» አልኩ እኔም፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተቀበለን። የደሴዎቹ እንግዶች ግራ ገብቷቸው አስረስን ያያሉ፤ አስረስ አዲሱ ወንበሩ ላይ ላቡ ይንቆረቆራል።

ውበቱ እንደ ልማዱ እስክሪብቶውን አንስቶ ቀና አለ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኸኛውም አሚን ይጻፍ?»