የእኔ ያልነበረ ስለት

ልጄ የወደቀች ቅዳሜ ዴን ሃግ ነበርኩ። በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ የአንዲት አሮጊት ፀጉር እያጠብኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የልጄ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ናቸው።

«ጉልበቷ ነው። ለጨዋታ አምስተርዳም መጥተን ነበር፤ እዚሁ ሆስፒታል ነን» አሉኝ። «አትደንግጪ፤ ግን ነይ።»

ባቡር ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ለእመቤታችን ተሳልኩ። እግሯን ከመለሽልኝ ሁለተኛ ኳስ አላስነካትም አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው እንዳይሰማኝ በሹክሹክታ ነበር። ልጄም አልሰማችም።

ከዚያ ቀን በፊት ከአሰልጣኟ ጋር ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ግን ሱሪያቸውን ሰብስበው የጉልበታቸውን ጠባሳ አሳዩኝ። ስኮትላንዳዊ ሽማግሌ ናቸው። አባታቸው መርከብ ሠሪ ነበሩ። እሳቸው በአገራቸው በግራ ክንፍ ሲጫወቱ የአንድ ክለብ ሰዎች አይተዋቸው ነው በወጣትነታቸው ወደ ሮተርዳም ያመጧቸው። እዚህ ጉልበታቸው ተጎዳ። ሳይድን ማደንዘዣ መርፌ ወግተው ሜዳ አስገቧቸው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሮጡም። አሰልጣኝ ሆነው ዴን ሃግ አካባቢ ከሁለት ቡድን ተባረዋል።

«ሁለቱም እውነት ነበራቸው» ብለው ሳቁ። በስተርጅና እኛ ወደምንኖርበት ወደ ቭላርዲንገን መጥተው የሴት ልጆቹን ቡድን ያዙ።

ልጄ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ከተደረገላት በኋላ አሰልጣኟ ረቡዕ ረቡዕ በብስክሌት ቤታችን ይመጡ ነበር። ሐኪሞቹ ያዘዙላትን እንቅስቃሴ በሕንጻችን ደረጃ ላይ ያሠሯታል።

«የእናትሽ የገበያ ጋሪ እንኳ ከአንቺ ይፈጥናል!»

«አንተ ራስህ ታነክስ የለ እንዴ!»

«እርስዎ በይ!» አልኳት በአማርኛ።

«ማሚ፣ በደች እኮ ነው የማወራው።»

«በደችም ቢሆን።»

ረቡዕ ጾም ስለሆነ የማቀርብላቸው የምስር ሳምቡሳ ነበር። እኛ ቤት ሥጋ ጨርሶ የማይገባ ይመስላቸዋል። በልተው ሲያመሰግኑኝ አንገቴን እደፋለሁ። እኔ ለስለት የሰጠሁትን እግር እሳቸው ደረጃ ለደረጃ እያቆሙት ነው። እግዚአብሔርንም እሳቸውንም አመሰግናለሁ፤ ስለቱን ግን አልተናገርኩም።

አንድ ረቡዕ ልጄ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። አሰልጣኟ አጨበጨቡ።

«በቃ፣ ቅዳሜ ትገባለች!»

«አትገባም» አልኩ።

ያን ጊዜ ነገርኳቸው፤ ለእግዚአብሔር እናት ቃል ገብቻለሁ አልኩ። ልጄ የደረጃውን መደገፊያ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ማንን ጠይቀሽ?» አለችኝ።

 አሰልጣኟ ልጄ እግሯን የምትዘረጋበትን ላስቲክ ቀስ ብለው ጠቀለሉ።

«መርፌውን ይዘው ሲመጡ እኔንም ማንም አልጠየቀኝም» አሉ። ላስቲኩን ደረጃው ላይ ትተው ሄዱ።

ያን ቅዳሜ ልጄ ከክፍሏ አልወጣችም። እሑድ ሮተርዳም ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠበቅኋቸው።

«አባ፣ ስለቴን ባስቀር እቀሰፋለሁ?»

«ምን ነበር የተሳልሽው?»

«ልጄ ኳስ እንዳትጫወት።»

«ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ ሰባት።»

«ጥላ ተሳዪ፣ መጋረጃ ተሳዪ፣ ጧፍ ተሳዪ። በሰው እግር ለመሳል ምን አቀበጠሽ?»

አለቀስኩ። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በችኮላ ስለተናገርኩት ስግደት ሰጡኝ። ከራሴ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኑ መጋረጃ እንዳስገባ ነገሩኝ። «ልጅሽንም ሰውየውንም ይቅርታ ጠይቂ። ይሄኛው ከስግደቱ ይከብድሻል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ልጄን ክፍሏ በር ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳት። አባ ያሉኝንም ነገርኳት። የኳስ ጫማዋን ከአልጋው ሥር እየሳበች «እሺ» አለች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ማሚ፣ ብጫወት እመቤታችን አትቀየመኝም?»

ይህን እስክትጠይቀኝ ድረስ የወሰድኩባት ኳሱን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የራሴን ፍርሃት እሷም ላይ ጭኜባታለሁ። አጠገቧ ተቀምጬ ቃሉ የእኔ እንደሆነ፣ የምጠየቅበትም እኔ ብቻ እንደሆንኩ ነገርኳት። አምናኝ እንደሆነ አላውቅም።

ረቡዕ ሳምቡሳ ይዤ ወደ ሜዳው ሄድኩ። አሰልጣኟን ይቅርታ ስጠይቃቸው ወደ ልጆቹ እያዩ ሰሙኝ። አንድ ሳምቡሳ አንስተው ገመጡ።

«ዛሬም ሥጋ የለውም» አሉ። ከዚያ ፊሽካቸውን ነፍተው ልጄን ወደ ሜዳው ጠሯት።

ለቅዳሜ የቀኑን ሥራዬን በማታ ለወጥኩ። ልጄ ስትጫወት አይቼ አላውቅም ነበር። የሜዳውን አጥር ይዤ ቆምኩ። በሁለተኛው አጋማሽ አስገቧት፤ ብዙም ሳይቆይ አንዲት ልጅ ገፍታ ጣለቻት። አሰልጣኟን አየኋቸው። የገዛ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

ልጄ ተነሣች። ካልሲዋን ጎትታ ሮጠች። «ተመስገን» አልኩ።

መጋረጃውን አስገብቻለሁ። ስግደቱንም ጨርሻለሁ። ቅዳሜ ሥራ ካልያዘኝ አሁንም አጥሩ ጋ እቆማለሁ። ኳሱ ወደ እሷ ሲሄድ «ይቅር በይኝ» እላለሁ። እመቤታችንን ይሁን ልጄን፣ ለይቼው አላውቅም።