ቤንዚን ያሞቁት ቆርቆሮ ሠሪ

ሽማግሌው ቆርቆሮ ሠሪ አርባ ዓመት ሙሉ ምድጃና ጭስ ማውጫ ሲቀጠቅጡ ኖረው፣ በስተርጅና ከመኪና ጋር የተያያዙት በልጃቸው የተነሣ ነው። ልጃቸው የፖስታ ቤቱ መኪና ነጂ ነበረች። የዚያን ጊዜ መኪና ደግሞ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብርድ ሲነካው እንደ ሳንባ በሽተኛ የሚያስል ጉድ ነበር። ዳገቱን ሳያጋምስ ይቆማል፤ ደብዳቤው ላይኛው ከተማ የሚደርሰው አድሮ በማግስቱ ነው። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ መረረውና ቁርጡን ተናገረ፦ ሰኞ ከቀትር በፊት ካልደረሰች ፖስታው ወደ በቅሎ፣ እሷም ወደ ማኅተም መምታት ትመለሳለች።

አባት ይህን ሲሰሙ እህል አልወርድላቸው አለ። መሪ ስትይዝ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ ያውቃሉ። ጋራዥ ሄዱና ሞተሩ እየሠራ እጃቸውን ሰደዱ። ቤንዚንና አየር የሚደባለቅበት ካርቡራተር በረዶ ሆኗል፤ አንድ ስንዝር አለፍ ብሎ ግን የጭስ ማውጫው ቧንቧ ይፋጃል።

«ቤንዚኑ በዚህ ብርድ አይተንም፤ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚገባው» አሉት ዋናውን መካኒክ። «ይሄ ሁሉ ሙቀት ደግሞ ለመንገድ ይበተናል። ጎረቤት ከጎረቤት እሳት ቢጭር ምን አለበት?»

መካኒኩ ሳቀ። «አባባ፣ እኛ ሞተር ስናቀዘቅዝ ነው የምንውለው። እርስዎ ምድጃዎን ይያዙ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። የሚፋጀውን ቧንቧ በቆርቆሮ ሸፍነው፣ ውስጡ የሞቀውን አየር በቱቦ ወደ ካርቡራተሩ አፍ መሩት። ቅዳሜ መኪናው አንዴም ሳያስል ተነሣ። ዳገቱ መሐል ግን ሙቀቱ በዛበትና ጭራሽ ጉልበት አጥቶ ቀጥ አለ። መካኒኩ በገመድ ጎትቶ ሲመልሳት መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ አወራ። ሽማግሌው ልጃቸውን በገዛ እጃቸው ገደል የከተቱ መሰላቸው።

«ተወው አባዬ፣ ሞክረሃል» አለች።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? እሑድ ሲያወጡ ሲያወርዱ ውለው ስህተታቸው ታያቸው። ለሰው ሁሉ ምድጃ የሙቀት መቆጣጠሪያ ክዳን ሲሠሩ ኖረው፣ ምን ነካቸውና ነው ለልጃቸው የረሱት? ቱቦው ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን ገጠሙ፤ ሲበርድ ሞቃቱን፣ ሲግል ቀዝቃዛውን አየር እንድታስገባ ክዳኑን የምታንቀሳቅስበት ሽቦ እስከ መሪው ሳቡላት።

ሰኞ አብረው ወጡ። ጭጋጉ ዓይን ይጋርዳል። እሷ ሞተሩን እያዳመጠች ሽቦውን ትስባለች፣ ትለቃለች። ቅዳሜ መኪናው የቆመባት ኩርባ አለፈች። የመጨረሻውም ዳገት አለፈ።

ከረጢቱን ላይኛው ፖስታ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስታሳርፈው ጸሐፊው ቀና እንኳ አላለም።

«የቅዳሜው አሁን መጣ?»

«የዛሬው ነው።»

ጸሐፊው የግድግዳውን ሰዓት አየ። ገና አራት ሰዓት ነው። ፖስታዎቹ ላይ የተመታውን ቀን ደግሞ ደጋግሞ አየ።

«ሰዓቱን ጎላ አድርገህ ጻፍልኝ» አለችው።

ጻፈላት። የሽማግሌው አንጀት ቅቤ ጠጣ፤ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ሲወርድ ሊጠርጉት እንኳ አልሞከሩም።

«እኚህ አባት ማናቸው?» አለ ጸሐፊው ግራ ገብቶት።

«መካኒኬ ናቸው» አለች።