የትም ያልሄደው መልእክት

አገኘሁሽ የይፋግ ልጅ ናት። ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምራ እንደጨረሰች የስልክ መተግበሪያ የሚሠራ አንድ ትንሽ ድርጅት ቀጠራት። ወረታ ላይ ቤት ተከራይታ ከዚያ እየተነሳች በፎገራ ቀበሌዎች ትዞራለች። ሥራዋ ሲያዩት ቀላል ነው። ስልኩን ለሰው ትሰጣለች፣ አንድ ነገር እንዲያደርግበት ትጠይቃለች፣ ከዚያ የት ላይ እንደሚቸገር ዝም ብላ ታያለች። ማገዝ ክልክል ነው። ሰው ሲጨነቅ እያዩ ዝም ማለት ብዙዎችን ያቅታቸዋል፤ እሷ ግን ከልጅነቷም ዝምተኛ ስለነበረች አልከበዳትም።

ያን ክረምት የያዘችው ለነፍሰ ጡሮች የተሠራ መተግበሪያ ነበር። ማንበብ የማትችል ሴት የሚሰማትን ሕመም ከሥዕሎቹ መርጣ እየነካች ለጤና ኬላ ታሳውቅበታለች። የሙከራውን ዕቅድ ያወጣችው ራሷ አገኘሁሽ ናት። ለእያንዳንዷ ሴት፣ «ራስሽን በጣም አሞሻል፣ ዓይንሽም ብዥ ብሎብሻል እንበል፤ ይህን በስልኩ ንገሪ» ትላታለች። ስልኩ ገና ለሙከራ ስለነበር የሚላክበት መልእክት ለማንም አይደርስም።

ቁሐር ሚካኤል ጤና ኬላ አምሳል የምትባል ወጣት ሴት ከሩዝ አረም ተጠርታ መጣች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ ከክትትል ከቀረች ሰንብታለች። ታሪኩ ተነግሯት ስልኩን ተቀበለች፤ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ መልሳ አራቀችው።

«እኅቴ፣ ሥዕሉ ሁለት ሁለት እየሆነ አስቸገረኝ፤ የትኛውን ልንካ?»

አገኘሁሽ እንደ ሥራዋ ደንብ ጥያቄውን በጥያቄ መለሰችላት። «እኔ ባልኖር የትኛውን ትነኪ ነበር?»

አምሳል አልተከራከረችም። የራስ ምታቱን ነካች፣ የዓይኑን ነካች፤ ከዚያ ማንም ያላዘዛትን ያበጠ ፊት ነካች። አገኘሁሽ ሥዕሎቹ ተጠጋግተው እንዳሳሳቷት ጻፈች። አምሳል ላከችው። ስልኩ በለስላሳ የሴት ድምፅ፣ «መልእክትዎ ደርሷል፤ የጤና ባለሙያ ቤትዎ ድረስ ትመጣለች» አለ። አምሳል በረጅሙ ተነፈሰች፤ ስልኩን አስቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ደረሰ አይደል? እንግዲህ ቤቴ ገብቼ ልጠብቃት።»

ስትነሳ አገኘሁሽ እግሯን አየች። የላስቲክ ጫማው ሥጋዋ ውስጥ ሰጥሟል።

«አምሳል፣ የነካሽው ሕመም የታሪኩ ነው የራስሽ?»

«የራሴ ነው እንጂ። አንቺው ያመመሽን ንገሪ አልሽኝ።»

አገኘሁሽ እየሮጠች ወደሚቀጥለው ክፍል ገባች። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሉሊት ሕፃን እየከተበች ነበር። መጥታ የአምሳልን የደም ግፊት ለካች፤ አላመነችውም መሰል ደግማ ለካች። ከዚያ ለአምቡላንስ ደወለች። መንገዱን ውኃ ስለዋጠው መኪናው ከአስፋልቱ አያልፍም ተባለ።

የአምሳል ባል ባየህ ከማሳው ከነጭቃው ደረሰ። ደህና የሄደች ሚስቱን በዚያ ስልክ ምን እንዳደረጓት ጠየቀ። አገኘሁሽም በዚያች ሰዓት የሆነ ነገር ያደረገቻት መስሏታል። ጎረቤቶች አምሳልን በቃሬዛ አንስተው በሩዙ መሐል ወደ አስፋልቱ አቋረጡ። ውኃው እስከ ጉልበት ይደርሳል። ግማሽ መንገድ ላይ የአምሳል ገላ እንደ እንጨት ደረቀ፤ ከዚያ ያንቀጠቅጣት ጀመር። ቃሬዛውን የሚያሳርፉበት ደረቅ መሬት የለም። ሉሊት በጎኗ እንዲያዞሯት ነገረቻቸው። አገኘሁሽ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች። ከጥርሷ መሐል የሚወጣውን አረፋ እያየች፣ ቤቴ ልግባ ስትል ዝም ብያት ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ አልለቅ አላት። ወንዶቹ እንደቆሙ እስኪተዋት ጠበቁ።

ወረታ ሆስፒታል በቀዶ ጥገና አዋለዷት። ልጅቷ ትንሽዬ ነበረች፤ ግን አለቀሰች። አምሳል በማግስቱ ዓይኗን ገለጠች። ባየህ በር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አገኘሁሽን ሲያያት ቦታ ለቀቀላት እንጂ ስለ ስልኩ ዳግመኛ አላነሳም።

እሷ ግን እንቅልፍ አጣች። ከአምሳል በፊት ሙከራውን ያደረጉትን ሴቶች አሰበች፤ ያልታዘዙትን ሲነኩ ሁሉ ስህተት ብላ ነበር የጻፈችው። ሉሊትን ከነደም ግፊት መለኪያዋ ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። ደህና ነበሩ። አንዷ ግን ደጇ ላይ ቆማ፣ ወገቧን ይዛ፣ ረጋ ብላ ተቀበለቻቸው።

«ቆያችሁ እኮ» አለች። «ስልኩ ትመጣለች ብሎኝ ስጠብቅ ነው የሰነበትሁ።»

ሕመሟ ከአረም ድካም የመጣ መሆኑን ሉሊት አይታ ብታረጋግጥም፣ አገኘሁሽ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ መነሳት አቃታት።

አሁንም እዚያው ሥራ ላይ ናት። የፈጠራ ታሪኩን አስቀርታለች፤ «ደርሷል» የሚለውን ድምፅም ከሙከራ ስልኮቹ አስወጥታለች። ማንም ሴት የደም ግፊቷ ሳይለካ ስልክ አትይዝም። እንዲያም ሆኖ፣ አንዷ ስልኩን ወደ ዓይኗ ባስጠጋች ቁጥር አገኘሁሽ ደንቡን ትታ፣ «ዓይንሽ ብዥ ይልብሻል?» ብላ ትጠይቃታለች፤ መልሱን ሳትሰማም ወደ ሙከራው አታልፍም።