እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት

ልጅ ሳለሁ፣ ባሕር ዳር ግሽ አባይ ስንኖር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ አሳዳጊ አክስቴ ይርገዱ የተማሪዎቿን ፈተና ማረሙን ትታ ኩራዟን ታበራና እኔንና ወንድሜን አያልን ከከሰል ምድጃው ዙሪያ ሰብስባ ተረት ትነግረናለች። የአማርኛ መምህርት ነበረችና ተረቷም ከትምህርት አያመልጥም፤ በየመሀሉ ቆም ትልና «ይህ ምን ይባላል?» ትላለች።

የምወደው የንጉሡን ተረት ነበር። ንጉሡ ጣናን ሊሻገር ሲነሣ ታንኳ ቀዛፊው «ዛሬ ውኃው ተቆጥቷል፣ ይቅርብዎ» ይለዋል። አይሰማም። «ንግር!» እንላለን ተሽቀዳድመን፤ የሚመጣውን አስቀድሞ መጠቆም ማለት ነው። ከዚያ አብረውት የበሉ ወዳጆቹ «ለአገር ብለን ነው» እያሉ መሀል ባሕር ላይ ገፍትረው ይጥሉታል።

አንድ ምሽት ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ገል ይዘው እሳት ሊጭሩ መጡ። እሳት ሊጭር የመጣ ሰው አይቀመጥም፤ እሳቸው ግን ተረቱ ይዟቸው ፍሙ አመድ እስኪለብስ ቁጭ አሉ። ባላቸው ጓድ ስማቸው ፈልገዋቸው መጡ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበሩ። ያኔ የገዢን መገደል ማውራት፣ በተረት እንኳ ቢሆን፣ ሰውን ከቤቱ ያስወስድ ነበር።

«ማነው የተገደለው?» አሉ ከበሩ ላይ።

«ንጉሥ ነው። ተረት ነው፣ ጓድ» አለች አክስቴ።

«ንጉሥማ ከሆነ ደግ አረጉ!» ሳቁና ተቀመጡ። «ኋላስ ገዳዮቹ እንዴት ሆኑ?»

አክስቴ ፈርታለች። ተረት አበላሽቶ መጨረስ ግን አይሆንላትም። «እርስ በርሳቸው ተጠራጥረው ተበላሉ» አለች።

ጓድ ስማቸው ሳቃቸው ጠፋ። «እትዬ ይርገዱ፣ ይኸ ተረት እዚሁ ይብቃዎ» ብለው ሚስታቸውን አስከትለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር አክስቴ ትደነግጥ ነበር፤ ንጉሡንም ዳግመኛ አላነሣችውም።

የመጣባት ነገር ግን አልነበረም። ክረምቱ ሳይወጣ ጓድ ስማቸውን የገዛ ጓዶቻቸው ወሰዷቸው። ወሬው ቤታችን ሲደርስ አያል «ምፀት!» አለ፣ መልሱን ፈጥኖ በማግኘቱ ደስ ብሎት። አክስቴ አልተቆጣችም። «የሰው ቤት እኮ ነው፣ አያልዬ» አለችውና ትልልቁን ፍም መርጣ ገል ላይ አድርጋ ሰጠችኝ። ከእነ እትዬ ጥሩነሽ ቤት ጭስ ሳይታይ ሰንብቶ ነበር።

ዛሬ እኔም ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ፤ ንግርን፣ ጭብጥን፣ ምፀትን ከነትርጉማቸው ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ተማሪዎቼም ይመልሳሉ። እኔ ያልመለስሁት የእትዬ ጥሩነሽን ጥያቄ ነው። ያን ዕለት ፍሙን ተቀብለውኝ ልመለስ ስል እጄን ያዙና፣

«አንቺ ልጅ፣ እነዚያ ገዳዮቹ ሚስት ነበራቸው?» አሉኝ።

«እንጃ» አልሁ። አክስቴ በተረቱ ውስጥ ሚስት አላስገባችም ነበር።